ያልተገፈፈው የዳለቻ ቆዳ

ከጊንጪ እስከ ጌዶ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ፣ የላም ሆድ በጆሮው የሚያነብ ሰው ቢፈለግ እኔ ነኝ። ይህን የምለው ጡረታ ወጥቼ አመስጋኝ ስላጣሁ አይደለም፤ ሥራ ላይ ሳለሁም እል ነበር፣ አለቆቼም ሰምተው ሰምተው ሰልችቷቸዋል። ጆሮዬን ግራ ጎኗ ላይ ለጥፌ፣ ጡጫዬን ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ ባለው ጎድጓዳ ተክዬ፣ ሆዷ ስንት ጊዜ እንደተንከባለለ ስቆጥር፣ ምን እንደበላች፣ ካመነዠከች ስንት ጊዜ እንደሆናት፣ ነገ ትቁም አትቁም እናገራለሁ። ይህን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም። ጌዶ በሚገኝ የእንስሳት ክሊኒክ ዘበኛ ሆኜ ተቀጠርኩ፤ እንግሊዝኛውን ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ለቀምኩ፤ ውሎ አድሮ ዱላዬን አስቀምጬ መርፌ ያዝኩ።

የተሸኘሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ። ዳቦና ለስላሳ ቀረበ፤ "ኦቦ ዋቅጅራ ንግግር ያድርጉ" ተባለ። አደረግሁ። ስለ ፌስታሉ በሬ አወራሁ፣ ስለ ውርጭ አወራሁ፤ ሳቁ፣ አጨበጨቡ። ስለ ዳለቻ ግን አንድ ቃል አልወጣኝም።

አሁን አምቦ ባለው ቤቴ ብቻዬን ነኝ። ባለቤቴ ካረፈች ቆይታለች፤ ልጆቼ በየሥራቸው ርቀዋል። ስልኬ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ትተኛለች። ድሮ "ኦቦ ዋቅጅራ ድረስልኝ፣ ላሜ ወደቀች" ይለኝ የነበረው ሰው ዛሬ ፎቶ አንስቶ ለወጣቷ ዶክተር ይልክላታል። ጎበዝ ሐኪም ናት፤ እኔን ጠይቃኝ ባታውቅም። ጠያቂ ያጣ ሰው ደግሞ፣ ያላወራው ነገር እየመጣ ይጠይቀዋል።

ስለ ፌስታሉ ግን ልድገመው፤ ይገባኛል።

ጌዶ የገበያ ቀን ነው። አንድ ነጋዴ የገዛው በሬ ተኝቶ አልነሳ አለ። ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የተመረቀ ሐኪም መረመረውና የምግብ አለመስማማት ነው ብሎ መድኃኒት ሊያጠጣው ተዘጋጀ። እኔ ጡጫዬን አስገባሁ። የበሬው ሆድ እንደ ሊጥ የጡጫዬን ምልክት ይዞ ቀረ፤ መንከባለል የሚባል ነገር የለም።

"ፌስታል ውጧል፤ አትልፉ፣ እረዱት" አልኩ።

ሐኪሙ ሳቀ። "አባባ፣ ራጅ አለዎት እንዴ?"

"ጡጫ አለኝ" አልኩት።

ሲታረድ ከሆዱ የሰው ራስ የሚያህል የፌስታልና የገመድ ድብልብል ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ልጅ፣ ከሱም ሰምቶ ሌላው ሰው፣ "ኦቦ ራጅ" እያለ ነበር የሚጠራኝ። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

የማውቀውን ሁሉ ያየሁት ከኦቦ ደሬሳ ነው። የጌዶው ክሊኒክ አንጋፋ ረዳት ሐኪም ነበሩ። አስተማሩኝ አልልም፤ እኔ ነኝ የሰረቅኋቸው። በረት ሲገቡ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፤ ላም የማታውቀውን ጥላ ትፈራለች ይላሉ። የላም ጡት የሚነኩት እጃቸውን ብብታቸው ሥር አሙቀው ነው። የሞተ ከብት ካዩ መጀመሪያ ተንበርክከው አፉን ያሸታሉ፣ ቀጥሎ ደሙን በጣታቸው ነክተው ወደ ብርሃን ያዞራሉ፣ የሚናገሩት ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያ ቢጠይቋቸውም አይመልሱም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። አዲስ አገር ስንደርስ የመድኃኒት ሣጥኑን ሳይከፍቱ በቅድሚያ ከመንደሩ ያረጀችውን ሴት ፈልገው ፊቷ ቁጢጥ ይላሉ። "አኮ" ይሏታል፤ በኦሮምኛ አያቴ ማለት ነው። "አኮ፣ እዚህ አገር ከብት የሚገድለው ምንድን ነው?"

አኮ ትጀምራለች። አልቅት ያለበት ምንጭ፣ ከብት የሚያንሸራትት ገደል፣ የዚያ ማዶ ሣር፣ የጎረቤት ዓይን። ኦቦ ደሬሳ የጎረቤቱን ዓይን ሳይቀር ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይሰማሉ። እኔ ሣጥኑን ተሸክሜ ቆሜ እቃጠላለሁ። አንድ ቀን አልቻልኩም።

"ኦቦ ደሬሳ፣ ሐኪሞቹ እኛ ነን። መጠየቅ ያለባቸው እነሱ አይደሉም?"

"አንተ ዘበኛ ነበርክ" አሉኝ። "በር ላይ የቆመ ሰው ሳይጠይቅ ያስገባል?"

ጡረታ ወጡ፣ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እኔ ወደ ጊንጪ ተዛወርኩ። ባርኔጣ ማውለቁን ይዤ ሄድኩ፤ እጅ ማሞቁንም። ጥያቄውን ግን ጌዶ ጥዬው ሄድኩ፤ ጊዜ ይበላል አልኩ። ለጊንጪማ ምን ያስፈልገኛል? የደጋ ልጅ ነኝ። ጊንጪ ያለችበትን የደንዲን ሜዳ አውቀዋለሁ፣ ውርጩን እንደ ክፉ ጎረቤት አውቀዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ድንገት ሲሞት፣ ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ጥርት ሲል፣ የቤቱ ጭስ ወደ ላይ መውጣት ትቶ ክዳኑ ላይ ሲተኛ፣ ዛሬ ይጥላል ማለት ነው። በየመንደሩ እየዞርኩ "ነገ ፀሐይ ሣሩን ሳትልሰው ከብት እንዳታወጡ" እላለሁ። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። አለቃዬ ሪፖርት የሚወድ ሰው ስለነበር ይህንንም በወረቀት ጻፍልኝ አለኝ፤ ጻፍኩለት፤ ውርጩ ግን ወረቀቱን አላነበበም።

ከአሥር ዓመት ግድም በፊት ክረምቱ ዘግይቶ ገባና ቶሎ ወጣ። ነሐሴ ሳያልቅ ሰማዩ ተዘጋ። ሣሩ ቁርጭምጭሚት ሳይደርስ ቆመ። በዚያ ላይ ኅዳር ውስጥ ውርጩ በላይ በላዩ ጣለ፤ ጠዋት ነጭ የነበረው ሜዳ ቀትር ላይ እንደተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ይተኛል። ገብሱም አብሮ ሄደ። የገለባ ክምር ያለው ክምሩን ይዞ ቆየ፤ ብዙ ከብት ያለው ጥቂቱን ሸጦ ሌላውን አተረፈ። ሁለት ከብት ያለው ድኻ ግን የቱን ይሽጥ? ገበያው በከሱ ከብቶች ተሞልቶ ዞር ብሎ የሚያይ ገዢ የለም። ስለዚህ ድኾቹ ከብታቸውን እየነዱ፣ አምቦን አልፈው፣ ከጉደር በታች ወዳለው ቆላ ወረዱ። መሥሪያ ቤቱም እኔን አብሬያቸው እንድወርድ አዘዘኝ።

ከወረዱት መካከል አዴ ጫልቱ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ የሦስት ልጆች እናት። የምትነዳው ዳለቻ የምትባል ግራጫ ላምና አንዲት ጊደር ነበር። ጊደሯ የራሷ ናት። ዳለቻ ግን የጊንጪው የኦቦ ቶሎሳ ናት፤ ለጫልቱ በደበሬ የተሰጠች። ደበሬ ማለት ከብት የሞላው ሰው አንዲት የምትታለብ ላም ድኻ ቤት ያስጠጋል፤ ወተቱ የድኻው፣ ጥጃው የባለቤቱ። ውል የለውም፣ ምስክር የለውም፤ ያለው መተማመን ብቻ ነው። የጫልቱ ልጆች የሚያድሩት በዳለቻ ወተት ነበር።

ጫልቱ አፏ ስለታም ነው። ቁልቁለቱን ስንወርድ ስለ ጆሮዬ ሳወራ ሰምታ፣

"ኦቦ ዋቅጅራ፣ ዝናቡ የት እንደገባስ በጆሮህ አትሰማም?" አለችኝ።

"ምድር ሆድ የላትም" አልኳት።

"አላት እንጂ! ባዶ ሆኖብህ ነው።"

ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ከእሷ ጋር አልሳቅንም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቆላው ደረስን። እዚያም ድርቁ መትቶት ነበር፤ ምድሩ ግራጫ ነው። መንገዱ ዳር ግን አንድ የማሽላ ማሳ አለ። ድርቅ ጉልበት ላይ አስቀርቶት፣ ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ ትቶታል፤ በኋላ አንድ ካፊያ አግኝቶ ከሥሩ እንደገና አቆጥቁጧል። በዚያ ሁሉ አገር አረንጓዴ ነገር እሱ ብቻ ነው። ከማሳው ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ አንዲት አሮጊት ግራር ሥር ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች።

ጊደሯ ከሌሎቹ ከብቶች ጋር ከኋላ ወንዙ ላይ ውኃ እየጠጣች ነበር። ጫልቱ ዳለቻን ቀንዷ ላይ ባሰረችው ገመድ ያዝ አድርጋ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ጠየቀችኝ።

"ኦቦ ዋቅጅራ፣ ይሄ ይበላል?"

እኛ ደጋ ማሽላ አንዘራም። እኔ የማውቀው እህሉንና ደረቅ አገዳውን ነው። ደረቁን ከብት ሲበላ አይቻለሁ፤ እንግዲያው ለምለሙ ይበልጣል አልኩ በልቤ። አሮጊቷን አየኋት፤ አሮጊቷም አየችኝ። ነጭ ጋውኔን ለብሻለሁ፤ ሃያ ሰው አፌን ያያል።

"ይበላል እንጂ! የበቆሎ ወንድም አይደል? ልቀቂያት።"

ለቀቀቻት። ዳለቻ አንገቷን ሳታነሳ በላች። አንድ ሰው ውኃ ቀድቶ በሚመለስበት ጊዜ ውስጥ ቀና አለች፣ አፏን ከፍታ መተንፈስ ጀመረች፣ ጭኗ ተንቀጠቀጠ፣ ወደቀች። ሮጬ አፏን ስከፍት አንድ ሽታ አፍንጫዬ ገባ፤ አላቆምኩበትም። ተነፍታ ይሆናል ብዬ የሆድ መብሻውን መርፌ ግራ ጎኗ ላይ ሰካሁት። አየር አልወጣም። ደም ወጣ፤ ደማቅ ቀይ ደም። እግሯን አንድ ጊዜ ዘረጋችና አበቃ።

ሰዉ ከቦኝ ቆመ። አፌን ይጠብቃል። ጤነኛ ላም ድንገት ስትወድቅ የማውቀው ስም አንድ ነበር፤ ያንኑ ተናገርኩ።

"አባ ሰንጋ ነው። ማንም እንዳይነካት! ሥጋዋ አይበላም፣ ቆዳዋ አይገፈፍም። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሩ።"

አባ ሰንጋ ሰውንም ስለሚገድል ትእዛዙ ትክክል ነበር፤ በሽታው እሱ ቢሆን።

"ቆዳዋስ?" አለች ጫልቱ።

"ቆዳዋም ይቀበራል።"

"ማሎ፣ እባክህ ኦቦ ዋቅጅራ፣ ቆዳዋ የኔ አይደለም!"

ያለችው ገብቶኛል። የደበሬ ላም ስትሞት የያዘው ሰው ቆዳዋን ተሸክሞ ሄዶ ባለቤቱ ፊት ይዘረጋል። ባለቤቱ ቀለሙንና የጆሮዋን ምልክት ያያል፤ "የሰጠው ዋቃ ወሰደ" ይላል፤ ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ቆዳ ከሌለ ግን ላሟ አልሞተችም፤ ተሸጣለች ወይም ተበልታለች። የያዛት ሰው ስሙ ይጠፋል፣ ሁለተኛ ደበሬ የሚሰጠው የለም።

ቢገባኝም "ነፍስ ይበልጣል" አልኳት። ቀበርናት። እሾህ ከመርንበት። ሰዎቹ በሽታውን ቶሎ ስላወቅሁ አመሰገኑኝ።

ጫልቱ ከጉድጓዱ ዳር ተነስታ መጣች። "እንግዲያው አንተ ቆዳ ሁነኝ" አለችኝ። "ና አብረን ጊንጪ እንሂድ። ኦቦ ቶሎሳ ፊት ቆመህ በአፍህ ተናገርልኝ።"

"ሥራ ላይ ነኝ፤ ወረቀት እጽፍልሻለሁ። ማኅተም አለው።"

ጻፍኩላት። አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው፤ ጊደሯን ነድታ ተመለሰች።

በማግስቱ በዚያው መንገድ ሳልፍ አሮጊቷ በእንዝርቷ ጠቀሰችኝ።

"ከብቱን በማሽላ ያስገደልከው አንተ ነህ?"

"አባ ሰንጋ ነው፣ አኮ።"

"አባ ሰንጋ!" ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀች። "ድርቅ መትቶት እንደገና ያቆጠቆጠ ማሽላ መርዝ እንደሆነ እዚህ አገር የማያውቅ ሕፃን የለም። ሲደርቅ ለከብት እንሰጣለን፤ ለምለሙን ግን ፍየልም አናስጠጋም።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"መቼ ጠየቅኸኝ? እያየኸኝ አለፍክ። ነጭ ልብስ ለብሷል፣ የማላውቀውን ያውቅ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።"

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ያ ሽታ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ የኮክ ፍሬ ሲሰበር ከውስጡ እንደሚወጣው ያለ መራራ ሽታ። ደሙም ትዝ አለኝ። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት ደም ጥቁር ነው፣ አይረጋም። የዳለቻ ደማቅ ቀይ ነበር። ይህን ልዩነት ለስንት ረዳት አስተምሬያለሁ! አይቼዋለሁ፤ ግን አፌ ከዓይኔ ቀድሞ ነበር።

ለእረኞቹ ወዲያው ነገርኳቸው። የነገርኳቸው ግን ምን ብዬ ነው? "በሽታው በየማሽላው ማሳ ዙሪያ ስላለ ከብት እንዳታስጠጉ" ብዬ። ሌላ ከብት አልሞተም፤ የእኔም ስም አልሞተም። ሁለቱን ባንድ ቃል ማዳኔ ያን ዕለት ብልኅነት መስሎኝ ነበር።

ወደ ጊንጪ መሄድ ነበረብኝ። ነገ እሄዳለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ክትባት አለብኝ አልኩ። እንዲህ እያልኩ አሥራ አንድ ቀን ጉደር ተቀመጥኩ። በዚያን ሰሞን የማድርበት ክፍል ውስጥ ማንንም ማየት አልፈልግም ነበር፤ ሰው "ኦቦ ራጅ" ሲለኝ ዞር እላለሁ።

በዚህ መሐል፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ ጊንጪ ላይ ሽማግሌ ተቀምጧል። ጫልቱ ወረቀቴን ዘረጋች። ኦቦ ቶሎሳ ገለባብጦ አየውና፣

"ይሄ ወረቀት ምልክት የተደረገበት ጆሮ አለው?" አለ።

ሸንጎው ሳቀ። ጫልቱ ማለች፣ አለቀሰች። ቆዳ አላመጣችም፣ ምስክር አላመጣችም። ጊደሯን በዳለቻ ፋንታ እንድትሰጥ ተፈረደ። ኦቦ ቶሎሳም ሣር ስለሌለው ጊደሯን በዚያው ሳምንት ለነጋዴ በርካሽ ሸጣት፤ በመኪና ተጭና ሄደች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደረስኩ። ኦቦ ቶሎሳ ደጅ ሽማግሌዎቹ ተጠሩ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

"ዳለቻን የገደልኳት እኔ ነኝ" አልኩ። "አባ ሰንጋ አልነበረም። ለምለም ማሽላ አስበላኋት፤ ቆዳዋንም እኔ አስቀበርኩ። ጫልቱ አልዋሸችም።"

ኦቦ ቶሎሳ በጣቶቹ ቆጠረ። "አሥራ ሁለት ቀን የት ነበርክ?"

"ጉደር።"

"ከጉደር ጊንጪ በመኪና ስንት ሰዓት ነው?"

 ሆዱን በጆሮዬ ማድመጥ የማያስፈልገኝ ሰው ቢኖር እሱ ነበር፤ ጊደሯን በመሸጡ አፍሯል፣ ኀፍረቱንም ያመጣሁበት እኔው ነኝ። በኋላ ለጫልቱ ሌላ ላም በደበሬ ሊሰጣት ልኮ እምቢ አለች አሉ።

እኔ ደግሞ አንዲት ጊደር ገዝቼ ደጇ ድረስ ወሰድኩ። ጫልቱ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማችኝ። ስለ ኦቦ ደሬሳ ነገርኳት፣ አኮን ይጠይቁ ስለነበረው ጥያቄ ነገርኳት፣ እሱን ትቼ ስለመሄዴ ነገርኳት። ገመዱን ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም።

"ላም አልጠየቅሁህም" አለች። "ቃል ነበር የጠየቅሁህ፤ ያውም በቀኑ።"

ጊደሯን እየሳብኩ በጊንጪ መሐል ተመለስኩ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ "ኦቦ ዋቅጅራ፣ ትሸጣታለህ?" ይለኛል። እስከዚያ ቀን ድረስ ብቸኝነት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠራሁ። ጉደርም አምቦም ስንቱን ከብት ከሞት መለስኩ፤ መለስኩ፣ እውነት ነው፤ ማንም ቢሆን አይክደኝም። አዲስ ቦታ ስደርስ ግን ሣጥኔን ከመክፈቴ በፊት ያረጀችውን ሴት እፈልግ ጀመር። ወጣቶቹ ረዳቶች ሣጥን ተሸክመው ከኋላዬ ሲቃጠሉ ይሰማኛል።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ደጋው ሲደርቅና ውርጭ ሲጥል ምልክቱ አምቦ ሆኜም ይታየኛል። ያን ጊዜ ወደ ጉደር እሳፈራለሁ፤ ከዚያ በእግሬ እወርድና መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ፣ ዝቅ ያለው ወደ ማሽላው የሚወስድበት፣ ከፍ ያለው ማሳውን ዞሮ የሚያልፍበት፣ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። አንድ ለምለም የማሽላ ቡቃያ በእጄ እይዛለሁ። የላከኝ የለም፣ የሚያውቀኝም እያነሰ ነው። ለሚወርደው ሁሉ አሳያለሁ። አንዳንዱ ያመሰግናል፤ አንዳንዱ የሚሸጥ ነገር የያዝኩ መስሎት "አልፈልግም" ብሎኝ ያልፋል።

ጫልቱም በደረቅ ዓመት ትወርዳለች። በግ አርብታ አርብታ እንደገና የራሷን ላም ገዝታለች። በየጊዜው ሳትጠይቀኝ ከፍ ባለው መንገድ ትነዳለች፤ ፊቷን ወደኔ አታዞርም። ሰላም አትለኝም፤ እኔም አልደፍራትም።

ዘንድሮም ወረደች። አርጅታለች፤ ከኋላዋ ቆላውን አይተው የማያውቁ አዳዲስ ሰዎች ይከተሏታል፤ ከብቶቻቸው አረንጓዴውን አይተው አንገታቸውን ወደ ታችኛው መንገድ ሰድደዋል። ጫልቱ እፊቴ ስትደርስ ቆመች። በዱላዋ ተደግፋ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ፣

"ኦቦ ዋቅጅራ፣ እዚህ አገር ከብት የሚገድለው ምንድን ነው?" አለችኝ።

ተነሳሁ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ቡቃያውን ከፍ አድርጌ "ለምለም ማሽላ" አልኩ።

አልሄደችም። "ሌላስ?"

"የማያውቀውን አውቃለሁ የሚል ሰው" አልኩ። ዱላዋን አላነሳችም። "ካወቀ በኋላም አሥራ አንድ ቀን የሚቀመጥ።"

ወደ ሰዎቹ ዞረች። "ሰማችሁ? ከብቶቻችሁን መልሱ፤ በላይኛው ነው የምንሄደው።"

ነድታ አለፈች። አቧራው እስኪወርድ ቆሜ አየኋት፤ ወደ ኋላ አልዞረችም። ከላይ ቁልቁለቱ ላይ ሌላ መንጋ እየመጣ ስለነበር የያዝኩት ቡቃያ ጠውልጓል ብዬ አዲስ ልቀነጥስ ወደ ማሳው ዳር ሄድኩ።